«የልጄ ክፍል ገብቼ የእጅ ሥራ ላግዝ ወይስ ብቀር ይሻላል?»

የአንዲት እናት ጥያቄ፦ «ልጄ 5 ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ጎንደር ኬጂ 2 ትማራለች። ክፍላቸው ውስጥ 42 ልጆች አሉ፤ አንዲት መምህርትና አንዲት ረዳት ናቸው የሚይዟቸው። በወላጆች ስብሰባ ላይ ለእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣ የሚያግዝ ወላጅ ሲፈለግ እጄን አወጣሁ። አሁን ግን ፈራሁ። ስፌት እችላለሁ፤ ስንደዶና አክርማ ከቤቴ አይጠፋም። ሥዕል ግን አይሆንልኝም። ባለፈው ዓመት ያገዘችው እናት ለሁሉም ልጅ አንድ አንድ የሚያምር የወረቀት አበባ አሠርታ ወላጁ ሁሉ ተደንቆ ነበር። እኔ ምን ላሠራቸው? ልጄን ባሳፍራትስ? ደግሞም ልጄ እኔን ካየች ታለቅሳለች፤ ቀሚሴን አትለቅም። ልሂድ ወይስ ብቀር ይሻላል?»

ይሂዱ። ስጋትዎ ግን ያረፈው ትክክለኛው ቦታ ላይ አይደለም። እርስዎን ያስፈራዎት ሥዕል አለመቻልዎ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ ወላጁ ሁሉ ያደነቀው የወረቀት አበባ ነው። የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንን በማሠልጠን ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ለማገዝ ከሚገቡ ወላጆች መካከል ክፍሉን የሚያስቸግሩት ሙያ የሌላቸው አይደሉም። ሙያ ኖሯቸው እጃቸውን መሰብሰብ የማይችሉት ናቸው።

ከአንድ ክፍል 42 ተመሳሳይ አበባ ከወጣ አበባውን የሠሩት ልጆቹ አይደሉም። ማታ ቤቷ ተቀምጣ ወረቀቱን በመቀስ ስትቆርጥ ያመሸች አንዲት ትልቅ ሰው አለች፤ ልጁ የቀረለት ሥራ ተራውን ጠብቆ በተነገረው ቦታ መለጠፍ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ያየሁት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። አንድ ልጅ አምስቱንም የአበባ ቅጠሎች ወደ አንድ ጎን ሰብስቦ ለጠፋቸው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ነፋስ ነው» አለኝ። ነፋስ አበባውን እየገፋው ነበር። ልታግዝ የገባችው እናት ይህን አልሰማችም። ኮላው ሳይደርቅ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አንሥታ ዙሪያውን አስተካክላ መልሳ ለጠፈችለትና «በቃ፣ አሁን አማረ!» አለችው። በቅንነት ነው ያደረገችው። ልጁ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን አበቦች ትንሽ አየና «የኔ የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

እኛ ይህን ነገር ጠፍቶን አይደለም። ለእንቁጣጣሽ ልጆች ወረቀት ላይ አደይ አበባና መልአክ ሥለው በየደጃፉ ሲያድሉ አንድ ዓይኑ ከግንባሩ ላይ የወጣ መልአክ ቢያመጡ «አስተካክለህ ሥለህ ና» ብሎ የሚመልስ ጎረቤት የለም። ተቀብሎ፣ መርቆ፣ ሳንቲም ሰጥቶ ይሸኛል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተው ቀና ብለው ካዩ ጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች እንኳ እይታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ዓይነትነትን የምንፈልገው የልጅ ሥራ ለሌላ ወላጅ የሚታይ ዕቃ ሲሆን ብቻ ነው።

ስለዚህ «ምን ላሠራቸው?» ከማለትዎ በፊት የ5 ዓመት ልጅ እጅ ምን እንደሚችል ይወቁ። የእጅ አንጓ 8 ትናንሽ አጥንቶች አሉት፤ ልጅ ሲወለድ ገና ያልጠነከሩ ናቸው፤ ሁሉም እስኪጠነክሩ ልጁ 10 ዓመት ያልፈዋል። እርሳስን በሦስት ጣት መያዝም የሚመጣው በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ክብ መሣል በ3 ዓመት አካባቢ፣ መስቀለኛ መስመር በ4፣ አራት ማዕዘን ከዚያ በኋላ፣ ሦስት ማዕዘን ደግሞ ወደ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ይመጣል። በመቀስ ቀጥ ያለ መስመር ተከትሎ መቁረጥ 4 ዓመት ገደማ ይቻላል፤ ክብ ዞሮ መቁረጥ ግን ለብዙ የ5 ዓመት ልጅ ገና ትግል ነው። ያ የወረቀት አበባ የሚጠይቀው ጠርዙ ሁሉ የታጠፈና የተጠማዘዘ አቆራረጥ ነው። ልጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም እናትየዋ የቆረጠችላቸው፤ ሥራው ለእጃቸው ያልተመጠነ ስለነበረ ነው። እነዚህ ዕድሜዎች መነሻ ናቸው፤ አንዱ ልጅ ስድስት ወር ቀድሞ ሌላው ስድስት ወር ዘግይቶ ቢደርስ የሚያስደነግጥ ነገር የለበትም። «ልጅዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚል ቃል ደግሞ ከአጋዥ ወላጅ አፍ በፍጹም እንዳይወጣ።

አሁን ወደ ስፌትዎ። ምናልባት ያሰቡት ወስፌና አለላ ይዘው ገብተው ሙዳይ ማስጀመር ይሆናል። ይህ አይሆንም። ወስፌ ለ5 ዓመት ልጅ እጅ አይሰጥም፤ በተለይ ጎን ለጎን ተጣብበው በሚቀመጡበት ክፍል ዓይን የሚያጠፋ ዕቃ ነው። የተሰነጠቀ አክርማም ጣት ይቆርጣል። የአለላው ቀለም ሲርስ ይለቃል፤ ልጅ ደግሞ ጣቱን ሳያስበው አፉ ውስጥ ይከታል። ሆኖም ዕውቀትዎ ከንቱ አይቀርም። በጅምር ያለ ሰፌድ ይዘው ይግቡና ለአምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ይስፉላቸው። ያያሉ፤ ይጠይቃሉ። ከዚያ ወስፌዎን በማይደርሱበት ቦታ ከፍ አድርገው ያስቀምጡትና የእነሱን ሥራ ይስጧቸው።

የእነሱ ሥራ ይህ ነው። ወፍራም ካርቶን የመዳፍ ያህል አድርገው ቤትዎ ይቁረጡ፤ ዙሪያውን በወስፌዎ ወይም በምስማር ከ8 እስከ 10 ቀዳዳ ይብሱ። በቀዳዳዎቹ መካከል ሁለት ጣት ያህል ርቀት ይኑር። ከዚያ ሹራብ የሚሠራበትን ወፍራም ክር በክንድዎ ልክ ይቁረጡና ጫፉን የቀለጠ ጧፍ ውስጥ ነክረው ያድርቁት። ሰሙ ሲደርቅ የክሩ ጫፍ እንደ መርፌ ቀጥ ይላል፤ የሚወጋ ነገር ግን የለውም። የሌላውን ጫፍ አስቀድመው ካርቶኑ ላይ ይቋጥሩት፤ አለበለዚያ ልጁ አሥር ጊዜ ሰፍቶ አሥር ጊዜ ሲመዘዝበት ያለቅሳል። ይህ ከሰፌዱ ጋር አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ነው፦ ከላይ ገባ፣ ከታች ወጣ፣ ተሳበ። አንዳንዱ ልጅ ዙሪያውን ይሰፋል፤ አንዳንዱ ከዳር እስከ ዳር እያቋረጠ የሸረሪት ድር ያደርገዋል። ሁለቱም ሠርተዋል።

ለመጀመሪያው ቀን የምመርጥልዎ ግን ይህን አይደለም። የመጀመሪያው ቀን የሸክላ ጭቃ ይሁን። ምክንያቱን ልንገርዎ። ወረቀት ላይ የተሳሳተ መስመር እንደተሳሳተ ይቀራል፤ ልጁም ያየዋል። ጭቃ ግን ይቅር ባይ ነው፤ ያልወደደውን ጠፍጥፎ እንደገና ይጀምራል። መቀስ፣ ኮላ፣ እርሳስ አይፈልግም። የሚጨመቅ፣ የሚጠቀለል፣ የሚቆነጠጥ በመሆኑ ነገ እርሳስ የሚይዙትን ጡንቻዎች ያጠነክራል። እርስዎም ሥዕል የማይችሉ መሆንዎ ፈጽሞ አይታወቅም። ጎንደር ላይ ደግሞ የሸክላ አፈር ለማግኘት ሩቅ አይኬድም። በደባርቅ መንገድ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ፣ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩባት የነበረችው መንደር፣ በሸክላ ሥራዋና በትናንሽ የጭቃ ምስሎቿ የታወቀች ናት። ከሸክላ ሠሪዎች የተነፋና የተቦካ ጭቃ በጥቂት ብር ይገዛል። ከመንገድ ዳር የተቆፈረ አፈር አይውሰዱ፤ የጠርሙስ ስባሪ፣ ሽቦና የእንስሳ ፋንድያ አይጠፋበትም።

ለ6 ልጆች 2 ኪሎ ያህል ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ የሁለት ጡጫ ያህል ማለት ነው። ማታውን እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ፌስታል ውስጥ ያሳድሩት። ጠዋት ሲነኩት እጅዎ ላይ ከተጣበቀ ውሃ በዝቶበታል፤ ጨርቁን ገልጠው ትንሽ ያናፍሱት። ሲያጥፉት ከተሰነጠቀ ደርቋል፤ እጅዎን አርሰው እንደገና ያቡኩት። ልጆቹ የሠሩት ነገር ውፍረቱ ከአውራ ጣትዎ ባይበልጥ ይሻላል፤ ወፍራም ጭቃ ከላይ ቀድሞ እየደረቀና እየጠበበ ስለሚሄድ ይሰነጠቃል። በጥላ ይድረቅ። ቤት ወስዶ እሳት ላይ መጣል አይሞከርም፤ ውስጡ እርጥበት የቀረ ጭቃ ሲግል ይፈነዳል።

በስንዴ ዱቄትና በጨው የሚቦካ የመጫወቻ ሊጥ የሚመክሩ አሉ። ሥራው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እኔ ግን አልመክርም። ለ42 ልጅ የሚበቃ ሊጥ ኪሎዎች ዱቄት ይፈጃል፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ደግሞ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ አይጠፋም። በእህል መጫወት ነውር ነው ተብሎ ላደገ ልጅም ቤትና ትምህርት ቤት የሚቃረን ነገር ያስተምሩታል። ለማጣበቂያ የምትሆን አንድ ስኒ ዱቄት ሌላ ነገር ናት፦ አንዱን ስኒ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፣ የፈላ ሦስት ስኒ ውሃ ውስጥ እየጨመሩ፣ እስኪወፍር ለጥቂት ደቂቃ ያማስሉት። ሲበርድ በጣት እየተቀባ ወረቀት ያጣብቃል። ከሁለትና ሦስት ቀን በላይ ካቆዩት ይሻግታል።

ጭቃው ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን በቅርብ ያየሁትን ልንገርዎ። አንዲት ልጅ ጭቃዋን አድቦለቦለችና «ዳቦ» አለች። በመዳፏ ስትጫነው ጠፍጣፋ ሆነ፤ «ምጣድ» አለችው። ከዚያ ቆርሳ ቆርሳ እንደ እባብ ረዣዥም አድርጋ ጠቀለለችና አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበች መቆለል ጀመረች። ማንም አላሳያትም፤ እናቷ ቤት ውስጥ ሰፌድ ስትሰፋ የምታየውን ዙር ነበር የምትደግመው። ከፍ ሲል ዘመመ፤ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ አፍ አወጣችለትና «ጀበና ነው፣ እንዳትነኩት» ብላ ጎረቤቷን አስጠነቀቀች። ደወሉ ሊደወል ሲል ድንገት በጡጫዋ አፈረሰችው። ቤት የወሰደችው ነገር የለም። ነገር ግን 25 ደቂቃ ሙሉ ስሟ ሳይጠራ፣ ሳትነሳ፣ ሳታለቅስ ሠርታለች። አጠገቧ የነበረችው አጋዥ ወላጅ የሠራችው ትልቅ ሥራ ዝም ማለቷ ነበር። «ውይ፣ ለምን አፈረስሽው?» እንኳ አላለቻትም።

ዝም ማለት የማይቻል ሆኖ ከተሰማዎት የሚባል ነገር አለ። «ጎበዝ! ቆንጆ!» ለሁሉም ሲታደል ዋጋ ያጣል፤ ልጁም ሥራውን ትቶ ፊትዎን ማየት ይለምዳል። ያዩትን ብቻ ይናገሩ፦ «ይሄኛውን ከዚያኛው አስረዘምሽው»፣ «እግሮቹን እንዴት አድርገህ አቆምካቸው?» «ይሄ ምንድን ነው?» የሚለውን ይተዉት፤ ብዙ ጊዜ ገና ምንም አልሆነም፤ ልጁም ሊያስደስትዎ ብሎ ይፈጥራል። «እትዬ፣ ላም ይሣሉልኝ» የሚል ልጅ ይመጣብዎታል። እዚህ ላይ ነው ሥዕል አለመቻልዎ የሚጠቅመው። መሣል የሚችል ሰው ይሥላል፤ ልጁም «እኔ አልችልም» ብሎ ይቀራል። እርስዎ ግን «ላም ስንት እግር አላት? ቀንዷ በየት በኩል ነው?» እያሉ ይጠይቁት። የልጅ ሥራ ለማስተካከል እጅዎ ሲያሳክክዎ ወደ ኋላ ያጣምሩት። የልጁን እጅ ይዞ መምራት የሚያስፈልገው መቀስ አያያዝ ሲያሳዩ ብቻ ነው፤ አውራ ጣቱ ወደ ላይ መሆኑን አሳይተው ይልቀቁት።

በግራ እጁ የሚሠራ ልጅ ካጋጠመዎ እርሳሱን ወደ ቀኝ አያዛውሩበት። በግራ እጅ መስጠትና መቀበል በእኛ ዘንድ ነውር ተደርጎ ስለሚታይ ብዙ ሰው ይህን እንደ ሥነ ሥርዓት ማስተማር ይቆጥረዋል። የትኛው እጅ እንደሚያመዝን የሚለየው ከአእምሮ ነው፤ በአብዛኛው ልጅ ላይ ከ4 እስከ 6 ዓመት ድረስ ይጠራል። ተራ መቀስ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው፤ በግራ ሲያዝ ስለቱ መስመሩን ይሸፍንበታል፤ ወረቀቱንም ያጥፈዋል እንጂ አይቆርጠውም። ለእንዲህ ያለ ልጅ ወረቀት በእጅ መቅደድን ይስጡት፤ ከመቀስ ያልተናነሰ የጣት ሥራ ነው።

አሁን የማልደራደርባቸው ጥንቃቄዎች። የጉሎ ፍሬ ለእጅ ሥራ አይምጣ። ዝንጉርጉርና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ሰው ከየመንገዱ ዳር ይለቅመዋል፤ ፍሬው ግን ሲታኘክ የሚወጣው መርዝ ሕፃን ሊገድል ይችላል። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል፣ ያኘከ ልጅ ደህና ቢመስልም ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ቅንጭብና ቁልቋል ወተታቸው ዓይንን በብርቱ ያቃጥላል፤ ቅርንጫፋቸው ክፍል አይግባ። ባቄላ፣ ሽምብራና ዶቃ ለመለጠፍ የሚያምሩ ናቸው፤ ግን ልጆች አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከቷቸዋል፤ እህሉ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ከገባ በጣት ወይም በክብሪት እንጨት ለማውጣት አይሞክሩ፤ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ጤና ተቋም ይሂድ። አንድ ነገር ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ማሳልም ማልቀስም ያቃተው ልጅ ካለ ግን መጠበቅ የለም፤ ወደ ፊት አጎንብሰው በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍዎ 5 ጊዜ ይምቱት፤ ካልወጣ ከኋላው ሆነው ከእምብርቱ በላይ በጡጫዎ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይጫኑት፤ እስኪወጣ ሁለቱን ያፈራርቁ፤ ሌላ ሰው ደግሞ እርዳታ ይጥራ። ምላጭ፣ ቶሎ የሚያጣብቅ ሱፐር ግሉ፣ የቤት የዘይት ቀለም፣ ከተሰበረ የባትሪ ድንጋይ የሚወጣ ጥቁር ዱቄት ለልጆች እጅ አይሆኑም። ቆርኪ ከተጠቀሙ ጠርዙ በመዶሻ የተደፈጠጠ ይሁን። ውሃ ከጠፋ ደግሞ ጭቃውን ለሌላ ቀን ያስተላልፉና በካርቶንና በክር ይሥሩ፤ 6 ጭቃማ ልጅ አንድ ጆግ ውሃ ይዞ ለማጠብ መሞከር ያስመርራል።

ልጅዎን በተመለከተ፦ የ5 ዓመት ልጅ እናቷን እኩለ ቀን ላይ ስታይ ማልቀሷ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ችግሩ መምጣትዎ ሳይሆን ተመልሰው መሄድዎ ነው፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መለያየት ይሆንባታል። መፍትሔው ቀላል ነው። መምህርቷ የእጅ ሥራውን ከመውጫ በፊት ወዳለው የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ እንድታደርገው ይጠይቁና ሥራው ሲያልቅ አብረው ወደ ቤት ይሂዱ። ማታውን ይንገሯት፦ «ነገ ክፍልሽ እመጣለሁ፤ ከሌሎች ልጆች ጋር ነው የምሠራው፤ ሲያልቅ አብረን እንወጣለን።» ክፍል መግባት ከጀመሩ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በእሷ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡ። መጥታ ቀሚስዎን ብትይዝ አይግፏት፤ አይቆጧትም፤ አንድ እጅዎን ሰጥተዋት በሌላው ይሥሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለቅቃ ትሄዳለች። ያሳፍራታል ብለው የፈሩትም ሌላ ነው። በዚህ ዕድሜ እናቱ መሣል ባለመቻሏ የሚያፍር ልጅ አላጋጠመኝም፤ እናቱ ጓደኞቹን ስትቆጣ ወይም የቤቱን ጉድ ለመምህርቷ ስታወራ የሚሸማቀቅ ግን አይቻለሁ። ክፍል በገቡ በአራተኛው ሳምንት አሁንም ለቅሶው ካልቆመ ግን ይተዉት። ከሌላ ክፍል እናት ጋር ይቀያየሩ ወይም ከቤት ሆነው ያግዙ።

ከቤት ማገዝ ደግሞ የተናቀ እገዛ አይደለም። ካርቶን የሚቆርጥ፣ ቀዳዳ የሚበሳ፣ ክር በጧፍ የሚነክር፣ ከየሱቁ የእንቁላል መያዣና ባዶ ሃይላንድ የሚሰበስብ ሰው ከሌለ መምህርቷ ይህን ሁሉ በሌሊት ለብቻዋ ታደርገዋለች፤ ወይም ትተወዋለች። ሥራ ለሚውሉ አባቶች፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ለያዙ እናቶች የሚስማማው ይሄኛው ነው። እንዝርት ይዛ ገብታ ለአንድ ቀን ብቻ ባዘቶዋን ስትፈትል የምታሳይ አያትም ብዙ ትሰጣለች።

ወሰንዎንም ይወቁ። እርስዎ አጋዥ ነዎት፤ ክፍሉ የመምህርቷ ነው። ልጅ ቢያጠፋ ለእሷ ይንገሯት፤ መቆንጠጥና ኩርኩም ቀርቶ ድምፅ ከፍ ማድረግም የእርስዎ ሥራ አይደለም። የሌላ ሰው ልጅ ይዘው ብቻዎን ሽንት ቤት አይሂዱ፤ በር ተዘግቶ ከልጅ ጋር ብቻዎን አይቅሩ። ይህ እርስዎን መጠርጠር አይደለም፤ ልጁንም እርስዎንም ይጠብቃል። የልጆችን ፎቶ አንሥተው ቴሌግራም ላይ አይልቀቁ። ያዩት ነገርም፣ ማን ምሳ እንዳልያዘ፣ ማን ሱሪው ላይ እንዳመለጠው፣ ቡና ላይ እንዳይነሳ፤ ሰፈሩ አንድ ነው፤ ነገሩ የልጁ እናት ዘንድ ሳይመሽ ይደርሳል። ክፍሉ ውስጥ የክርስቲያንም የሙስሊምም ልጆች ስላሉ ጥምቀትንም ኢድንም የሚነካ ሥራ ሲታሰብ መምህርቷ ትወስን።

ይህን ሁሉ በጀመሩት ልክ ለማስኬድ የርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወላጅ ተማሪ መምህራን ኅብረቱም ይወቀው። ችሮታ እየለመኑ እንደሆነ አይሰማዎት። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ያወጡት የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አንዱ ምሰሶው የወላጆች ትምህርት ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ክፍል አይግቡ፤ መምህርቷ የምትሰጥዎትን ዕቃ ቤትዎ ያዘጋጁ፤ የምትፈልገውን የሚያውቁት በዚህ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቋሚ ቀን ይያዙ፤ ሐሙስ ካሉ ሁልጊዜ ሐሙስ። ልጆች የሚጠብቁት ሰው ሲቀርባቸው ስለሚሰማቸው በወር አንድ ቀን ብቻ የሚችሉ ከሆነ በወር አንድ ቀን ብለው ቃል ይግቡ እንጂ በሳምንት ብለው አይቅሩ። 42ቱን በአንድ ጊዜ ለመያዝ እንዳይስማሙ፤ ይህን መምህርቷ ብትለምንዎትም እምቢ ይበሉ። አንድ ጠረጴዛ፣ 6 ልጆች፣ 25 ደቂቃ፤ ከዚያ ሌላ 6። ሌሎቹ ከመምህርቷና ከረዳቷ ጋር የተለመደ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በቀን 12 ልጅ ከደረሱ በአራት ሳምንት ሁሉም ልጅ አንድ ጊዜ ከእርስዎ ጋር ይቀመጣል። የመጀመሪያው ወር ጭቃ ብቻ ይሁን፤ ሁለተኛው ካርቶንና ክር። አራት ሳምንት ሙሉ ጭቃ ይሰለቻቸዋል ብለው አይስጉ፤ ለእርስዎ አራተኛ ቀን የሆነው ለዚያ ልጅ የመጀመሪያው ነው።

ለመጀመሪያው ሐሙስ የሚይዙት፦ 2 ኪሎ ጭቃ ለመጀመሪያው ቡድን፣ 2 ኪሎ ለሁለተኛው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ ያረጀ ጆንያ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ሁለት ፎጣ፣ ስም የሚጻፍበት ቁራጭ ካርቶን። ስሙን ከሥራው ሥር እንጂ ላዩ ላይ አይጻፉ። ሰፌድዎን ደግሞ ወስፌውን ቤት ትተው ይዘውት ይግቡ፤ መስፋቱን ለሁለተኛው ወር ያቆዩትና ለአሁኑ ጠረጴዛው መሐል ያስቀምጡት፤ መንካት የፈለገ ይንካው።